የማን ቤተሰብ?

ባለፈው ጥር አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሰርግ ተጠርቼ ነበር። ቀድሞ ያስተማርሁት ሙሽራ ሙሽራይቱን ያመጣት የጨርቅ ጣሪያው ወደ ኋላ በሚታጠፍ አሮጌ ቮልስ ነበር። ከአጠገቤ የተቀመጡ አንድ የተከበሩ ሰው ይህን አይተው፣ «ልጅነት ነው! ትዳር የያዘ ሰው ከፍ ያለ የቤተሰብ መኪና ይገዛል እንጂ በመጫወቻ አይሄድም» ሲሉ ፈረዱ። በዙሪያቸው ያሉትም «እውነት ነው» አሉ። እኔ ዝም አልሁ። ዝምታዬ ስለ ቆጨኝ ያን ቀን ያልመለስሁትን ዛሬ እጽፋለሁ።

ለቮልሱ ጥብቅና አልቆምም። ካርማን የተባለው የጀርመን ፋብሪካ ይህን ባለ ጨርቅ ጣሪያ በአውሮጳ አቆጣጠር ከ1949 እስከ 1980 ሲሠራ ሞተሩ ከኋላ፣ የቤንዚኑ ማጠራቀሚያም ከፊት ነበር፤ በግጭት ጊዜ ይህ የሚያስፈራ ነገር ነው። የዛሬው ከፍ ያለ መኪና ግን የአየር ከረጢትና የሕፃናት መቀመጫ ማሰሪያ አለው፣ የክረምቱንም ጭቃ ይሻገራል። በወጣትነቴ ሐምሌ ላይ በጨርቅ ጣሪያ ሥር ተሳፍሬ ሸሚዜን የጨመቅሁ ሰው ነኝና፣ ከውስጥ ለተቀመጠው የትኛው እንደሚሻል አልከራከርም።

ክርክሬ «ቤተሰብ» በሚለው ቃል ላይ ነው። የማን ቤተሰብ?

ከሰርጉ ስንወጣ እኒያው ሰው መኪናቸውን አስነሡ። ስድስት ዓመት የሚሆነው ሶፍት የሚሸጥ ልጅ፣ የወደቀበትን ለማንሣት ከመኪናው ፊት ጎንበስ ብሎ ነበር። ክንዱን ይዤ ጎተትሁት፤ ሶፍቱ ከጎማው ሥር ገባ። ሰውየው መስኮቱን ዝቅ አድርገው በድንጋጤ «አላየሁትም» አሉ። እውነታቸውን ነው። ከተቀመጡበት ሆነው ሊያዩት አይችሉም ነበር።

በሳምንቱ በጎረቤቴ ከፍ ያለ መኪና መሪ ላይ ተቀምጬ የልጅ ልጄን ከፊት አስጎነበስሁት (ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቁልፉም በኪሴ ሆኖ)። ራሱ እስኪታየኝ ድረስ ሦስት እርምጃ ራቀ። በአንድ ቮልስ ደግሞ ሞከርሁ፤ ኮፈኑ ወደ ታች የሚያዘቀዝቅ ስለ ሆነ አንድ እርምጃ በቃው። የእኔ ሙከራ የሽማግሌ ሙከራ ነው ካላችሁ፣ በአሜሪካ የመድን ድርጅቶች ያቋቋሙት የመንገድ ደኅንነት ኢንስቲትዩት በ2023 ያወጣውን ጥናት ተመልከቱ፦ የፊት ኮፈናቸው ከ1 ሜትር በላይ የሆኑ መኪናዎች እግረኛን ሲገጩ የመግደላቸው ዕድል፣ ኮፈናቸው ከ76 ሳንቲ ሜትር ከማይበልጥና ተዳፋት ከሆኑት ይልቅ 45 በመቶ ያህል ይበልጣል።

ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፣ ጣሪያውን ገልጦ የሚነዳ ሰው ለመታየት እንደ ወጣ ሁሉ ያውቃል፤ እርሱም አይደብቀውም። ከአስፋልት ሳይወርድ ያን ያህል ተራራ የሚነዳው ግን ብዙ ጊዜ ያንኑ ለመታየት ገዝቶት «ለልጆቼ ነው» ይላል። ልጆቹን ከአደጋ አርቆአል፤ አደጋውን ግን አላጠፋውም፤ በእግሩ ለሚሄደው ልጅ አስተላለፈው። በከተማችን ደግሞ በእግሩ የሚሄደው ልጅ ይበዛል። እናትና አባት ያለው እርሱም ቤተሰብ ነው። ገጠር የሚውል ሐኪም ወይም ስምንት ነፍስ የሚያሳድር ሰው ቢገዛው አልነቅፍም፤ ሌላው ግን ቢያንስ ሳይነሣ በፊት ወርዶ የመኪናውን ፊት ይመልከት።

እኒያ ሰው የተበላሸውን ሶፍት ዋጋ ከፍለዋል። ገንዘቡን የዘረጉት ከመስኮታቸው ሳይወርዱ ነው፤ ልጁም ለመቀበል በእግሩ ጣቶች ቆመ።