ሳይቃጠል በቅጠል፤ ስለ ንግድ ቤት ኮምፒዩተር ጥበቃ

ከአንድ የነጋዴ ጸሓፊ፤ ባኮ



በዚህ ጋዜጣ አዘውትሮ የሚጻፈው ስለ እህል ዋጋ፣ ስለ ውጭ ምንዛሪና ስለ ግብር ነው። እኔ ግን ዛሬ በየሱቃችን ጥግ ተቀምጦ አቧራ ስለሚጠጣው፤ ሆኖም የንግዳችንን ምስጢር ሁሉ ስለ ያዘው ስለ ኮምፒዩተር ጥቂት አሳብ ለማቅረብ እወዳለሁ። አሳቤም በአጭሩ ይህ ነው፤ ኮምፒዩተርን ንጹሕ፣ ፈጣንና የተጠበቀ ለማድረግ የሚያስፈልገው መሣሪያ ያለ ዋጋ በሕጋዊ መንገድ ይገኛል፤ የጎደለን በሳምንት የአንድ ሰዓት ትጋት እንጂ ገንዘብ አይደለም።

ነገሩን ከራሴ ጥፋት ልጀምር። በባኮ ከተማ በቆሎና ኑግ እየሰበሰቡ ወደ አዲስ አበባ ለሚልኩ ነጋዴ በጸሓፊነት አገለግላለሁ። ጥቂት ዓመታት አስቀድሞ የዱቤ መዝገባችንን ከደብተር ወደ ኮምፒዩተር ባዛወርን ጊዜ፣ ለመያዝ ይመቻል በማለት በአንድ ፍላሽ ላይ ብቻ አስቀመጥሁት። አንድ ቀን ይህንኑ ፍላሽ ደብዳቤ ለማተም ወደ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ልኬ ተመለሰልኝ። ከኮምፒዩተሩ ጋር ባገናኘሁት ጊዜ መዝገቡ የለም፤ በስፍራው የቀሩት ስሙን ብቻ የያዙ ባዶ ምልክቶች ነበሩ። ዐዋቂ ነው የተባለ ሰው ጠራሁ፤ እርሱም «ቫይረስ በልቶታል፤ ፎርማት ይደረግ» አለኝ። እኔም ተስማማሁ፤ ሁሉም ተጠረገ።

መዝገቡን ከካርቦን ደረሰኞች ለቅመን እንደገና ለመጻፍ ሦስት ሳምንት ፈጀብን። ደረሰኙ የጠፋውን ዕዳ የማገለግላቸው ነጋዴ «ይቅር» ብለው ተዉት። ከጠፋው ገንዘብ ይልቅ ያሳዘነን ግን ሌላ ነው። ዕዳቸውን አስቀድመው የከፈሉ አንድ የቆዩ ደንበኛችንን ሳናውቅ ዳግመኛ ጠየቅናቸው። እርሳቸውም «እኔን በዚህ ዕድሜዬ?» ብለው ወጡ፤ ከዚያ ወዲህ እህላቸውን ወደ እኛ አምጥተው አያውቁም። በኋላ ጠይቄ እንደ ተረዳሁት፣ ያ ዓይነቱ ቫይረስ ፋይሎችን ይሰውራል እንጂ አያጠፋም። መዝገባችን በፍላሹ ውስጥ ነበረ፤ ያጠፋነው እኛው በጥድፊያችን ነን።

ይህን የመሰለ ጉዳት የደረሰበት ነጋዴ ብዙ ነው። የጉዳቱም ዋና በር፣ ዋጋ ያላቸውን ፕሮግራሞች «ክራክ» በሚባለው መንገድ ሰብሮ በነጻ የመጫን ልማድ ነው። እንዲህ ያለውን ፕሮግራም የሚጭን ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው የመጀመሪያ ትእዛዝ «አንቲቫይረሱን አጥፋው» የሚል ነው። «ውሻህን እሰርልኝና ልግባ» የሚለውን የሌሊት እንግዳ በር የሚከፍትለት ነጋዴ በከተማችን ይገኛልን? ከዚህም በላይ የኮምፒዩተር ፕሮግራም በአገራችን በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጠበቀ ንብረት ስለ ሆነ፣ ሰብሮ መጠቀም የሌላውን ገንዘብ መውሰድ ነው።

አንዳንድ ነጋዴዎች «ታዲያ በሕግ በነጻ የሚሰጥ ነገር ምን ይረባል? ዋጋ የሌለው ዕቃ ዋጋ የለውም» ይሉኛል። ለገበያ ዕቃ አባባሉ እውነትነት ይኖረዋል፤ ለዚህ ግን አይሠራም። የባኮ የግብርና ምርምር ማዕከል የበቆሎ ዘር በማውጣት የታወቀ ነው፤ ቢኤች 660 የተባለው ዘር ስሙን ያገኘው ከከተማችን ነው። ገበሬው ዘር ሲገዛ የሚጠይቀው ዋጋውን ብቻ አይደለም፤ ከየት እንደ መጣና ማን እንደ መሰከረለት ይጠይቃል እንጂ። ለፕሮግራምም ጥያቄው ይኸው ነው። ሊብሬ ኦፊስን የሚያሰራጨው በጀርመን አገር የተመዘገበ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው፤ የአሠራሩም ጽሑፍ ማንም እንዲመረምረው ለሁሉ የተገለጠ ነው። ደብዳቤና የሒሳብ ሠንጠረዥ ይሠራል፤ በማይክሮሶፍት ኦፊስ የተጻፈውንም ይከፍታል። በአማርኛ ለመጻፍ ኪይማን የተባለው ፕሮግራም እንዲሁ በነጻ ይገኛል።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። በመጀመሪያ፣ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣው ዲፌንደር የተባለ ዘበኛ ደመወዝ አይጠይቅም፤ አለማጥፋት ብቻ በቂ ነው። ከውጭ የመጣ ፍላሽ ሁሉ ሳይከፈት አስቀድሞ በእርሱ ይፈተሽ። ስለ አንድ ኮምፒዩተር ሁለት ሦስት አንቲቫይረስ መደርደር ግን ዘበኞቹን እርስ በርስ ማጋጨትና ሥራውን ማዘግየት ነው።

ሁለተኛ፣ አፕዴት የሚባለው ማደሻ አይናቅ። ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለ ቫይረስ ተነሥቶ ከ150 በሚበልጡ አገሮች ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒዩተሮችን ቆለፈ፤ ለመክፈቻውም 300 የአሜሪካ ዶላር ይጠይቅ ነበር። በእንግሊዝ አገር ሆስፒታሎች ሕመምተኞችን እስከ መመለስ ደረሱ። የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነው ማደሻ ግን ከሁለት ወር በፊት በመጋቢት ወር ያለ ዋጋ ተሰጥቶ ነበር፤ ተጠቂዎቹ ያልጫኑት ናቸው። «ማደሻው የኢንተርኔት ጥቅላችንን ይበላል» የሚሉ ሰዎች እውነት አላቸው። ስለዚህ ማደሻው በሥራ ሰዓት እንዳይወርድ አድርጎ፣ ዋጋው በሚቀንስበት የሌሊት ጥቅል ማውረድ ይቻላል።

ሦስተኛ፣ ዊንዶውስ 10 ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ መደበኛ የጥበቃ ማደሻው ቆሟል። ወደ ዊንዶውስ 11 ማለፍ የማይችል አሮጌ ኮምፒዩተር ያለው ነጋዴ ዕቃውን ለመጣል አይቸኩል። ሊኑክስ ሚንት የተባለው ሥርዓት በነጻ ይገኛል፤ በአሮጌ መሣሪያም ላይ ደኅና ይሠራል። ነገር ግን የሒሳብ ፕሮግራሙ ለዊንዶውስ ብቻ የተሠራ እንደ ሆነ፣ ከመቀየሩ በፊት ዐዋቂ ይጠይቅ።

አራተኛ፣ ስለ ማጽዳት። ኮምፒዩተሩ የሚዘገየው ብዙ ጊዜ ሲከፈት አብረው የሚነሡ የማያስፈልጉ ፕሮግራሞች ስለ በዙበትና የውስጡ ማከማቻ ስለ ሞላ ነው። ሁለቱንም ለማቃለል የሚያስችለው መሣሪያ በዊንዶውስ ውስጥ አለ። «ኮምፒዩተርዎን እናፋጥናለን» እያሉ በኢንተርኔት የሚጣሩትን ሁሉ ማመን አይገባም። በነሐሴ 2009 ዓ.ም. ሲክሊነር በተባለው ስመ ጥር የማጽጃ ፕሮግራም ውስጥ ክፉዎች ሾልከው ቫይረስ ስለ ጨመሩበት፣ ከ2 ሚሊዮን በላይ ኮምፒዩተሮች የታመመውን ቅጂ ጭነው ተገኝተዋል። መጥረጊያውም ራሱ ሊቆሽሽ ይችላል ማለት ነው። በመንገድ ዳር ላለ ሱቅ ደግሞ ሌላ ማጽዳት አለ፤ ይኸውም ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ ከኤሌክትሪክ ከነቀሉ በኋላ የማቀዝቀዣውን አቧራ በለስላሳ ብሩሽ ማራገፍ ነው። የታፈነ ኮምፒዩተር ይግላል፤ ሲግልም ይዘገያል።

አምስተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው ቅጂ መያዝ ነው። መዝገቡ በኮምፒዩተሩ ላይ ይኑር፤ አንድ ቅጂ በሱቁ ካዝና፣ ሌላም ቅጂ በነጋዴው ቤት ይቀመጥ። ቅጂው ከኮምፒዩተሩ ጋር ሁልጊዜ ተሰክቶ ከዋለ፣ አንዱን የያዘ ቫይረስ ሁለቱንም ይይዛል፤ ስለዚህ ከተገለበጠ በኋላ ይነቀል። እኔ ይህን ዘወትር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እፈጽማለሁ፤ ፍተሻውና ማጽዳቱ ተጨምሮ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም።

እዚህ ላይ ለነጋዴዎች አንድ ቃል ልናገር። ለዚህች አንድ ሰዓት ጸሓፊውን «ሥራ ፈትቶ ከኮምፒዩተር ጋር ይጫወታል» ብሎ መውቀስ አይገባም። ጎተራ የሚጠብቅ ሰው ነቀዝ መኖሩን የሚመረምረው እህሉ ዱቄት ከሆነ በኋላ አይደለም።

ለንግድ ምክር ቤቶቻችንም የማቀርበው አሳብ አለኝ። በከተማችንም ሆነ በአምቦ ያለው ጸሓፊ እያንዳንዱን ፕሮግራም በየግሉ ከኢንተርኔት ሲፈልግ ገንዘብ ያባክናል፤ ከሐሰተኛ ስፍራ ሊያወርድም ይችላል። ምክር ቤቶቹ እነዚህን ነጻ ፕሮግራሞች ከእውነተኛ ምንጫቸው አውርደውና ፈትሸው ለአባላት ቢያድሉ፣ በየሦስት ወሩም ለጸሓፊዎች የግማሽ ቀን ትምህርት ቢሰጡ፣ ወጪው ጥቂት፣ ጥቅሙ ግን ብዙ ነው። ነጋዴ ለነጋዴ ሚዛኑን እንደሚያውሰው ሁሉ፣ ይህንንም ዕውቀት እርስ በርሳችን ልንዋዋሰው ይገባናል።

የእኛን መዝገብ ያጠፋው የገንዘብ ድህነት አልነበረም፤ አንድ ተጨማሪ ቅጂና አንድ ቀን ትዕግሥት ቢኖረን ኖሮ በዳነ ነበር። ያ የቆዩ ደንበኛችንም ዛሬ ከእኛ ጋር በሆኑ ነበር። ሌላው ነጋዴ ጅቡ ካለፈ በኋላ ከሚጮኸው ውሻ እንዳይቆጠር፣ መዝገቡን ከዚህ ቅዳሜ ጀምሮ እንዲገለብጥ በማሳሰብ አሳቤን እፈጽማለሁ።