የእንሽርት ውሃ በሪፈር ወረቀት አይሞላም!

እስቲ ዛሬ ፖለቲካውን ለጊዜው ላቆየውና የእህቴን እርግዝና ላንሳ። (ኋላ እሱም ፖለቲካ ሆኖ ይገኛል።) እህቴ የምትኖረው ከመካነ ሰላም የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ፣ ወደ አባይ በሚያቆለቁለው ገጠር ነው። ዘጠነኛ ወሯ ገብቶ ሳለ ልጁ መገላበጥ ቀነሰባት። እናታችን «ልጅ መውጫው ሲደርስ ይረጋጋል» ብላ አጽናናቻት። ይሄ አባባል ስንቱን ሕፃን እንዳስቀበረ ቤት ይቁጠረው!

በሦስተኛው ቀን ጤና ጣቢያ ወሰድናት። አዋላጇ በሜትር ለካቻትና «ሆድሽ ከወርሽ ጋር አልሄደም፤ የእንሽርት ውሃው ሳያንስ አይቀርም» አለቻት። ጎበዝ ልጅ ናት። አልትራሳውንድ? አለ! ጥግ ላይ፣ ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል። የሚያነሳው ባለሙያ ግን የለም። ታዲያ ምን ተሰጠን? ሪፈር። አምቡላንሱስ? «ነዳጅ የለውም።»

ያው እንግዲህ ቃሬዛ ነው። የቅሬው ጎልማሶች እየተፈራረቁ ተሸከሟት። ከኋላ የሚከተሉት ሴቶች ገሚሶቹ «ማርያም ማርያም» ይላሉ፣ ገሚሶቹ ፋጡማን ይጣራሉ፤ ወሎ ነዋ! ከመኪና መንገድ ስንደርስ በአይሱዙ ጋቢና ከተማ ገባን። እዚያ ውሃው ተለካ። ማሕፀኑ በአራት ተከፍሎ ሲለካ ድምሩ ከ5 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ውሃው ጎድሏል ይባላል፤ የእሷ 3 ነበር። በዚያው ሌሊት በኦፕራሲዮን ተገላገለች። ልጁ ቀጫጫ ነው፣ ግን ያለቅሳል። ተመስገን።

ለመሆኑ ይሄ ውሃ ምንድን ነው? ከእርግዝናው አጋማሽ ወዲህ አብዛኛው የልጁ ሽንት ነው። የእንግዴ ልጁ ሲደክም፣ የእናቲቱ ደም ግፊት ሲጨምር፣ የመውለጃ ቀን ሲያልፍ፣ ወይም ሽፋኑ ተቀዶ ሲያንጠባጥብ ይጎድላል። ያኔ እትብቱ ሊጨፈለቅና ልጁ ሊታፈን ይችላል። ለወገብ ሕመም እየተባለ ከሱቅ የሚገዛው ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ውሃውን ሊቀንስ እንደሚችል የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ አስጠንቅቋል። ለባለሱቁ ይህን ማን ነገረው? ውሃ በደንብ መጠጣት ደግ ነው፣ ይረዳም ይሆናል። ልጁ ፀጥ ካለ ግን እንስራ አቅርቦ መቀመጥ አይደለም፤ በዚያው ቀን መነሳት ነው።

አዲስ አበቤ ወገኔ፣ አንተ ለሚስትህ አልትራሳውንድ የምታማርጠው በታክሲ እየዞርክ ነው። በ2008ቱ የሕዝብና ጤና ጥናት በአዲስ አበባ ከ100 ወሊድ ከ20 በላይ በኦፕራሲዮን ሲሆን፣ በአገር ደረጃ ግን 2 ብቻ ነበር። ቦረና፣ ሳይንት፣ ወግዲ የምትገኘው ከሁለቱ ውስጥ እንኳ ስለመኖሯ እንጃ። ነገሩ ከመካነ ሰላም አቅም በላይ ከሆነ ደሴ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ጦርነት መንገዱን ሲዘጋው ደግሞ ደሴ ሌላ አገር ነው።

ሕንፃ አልጠየቅንም። ጨርቅ የለበሰውን መሣሪያ የሚያነሳ አንድ ሰው ይሠልጥን። «ውሃሽ አንሷል» የተባለች ሴት ሐኪም አጠገብ የምታርፍበት ቤት ይሰጣት። ጉራጌ ያለው የአጣጥ ሆስፒታል ይህን ከ40 ዓመት በላይ ሲሠራበት ኖሯል። የአምቡላንሱም ነዳጅ ይታሰብበት። ያን ቀን ቃሬዛችንን አቧራ አልብሶን ያለፈው የአንድ ሹም መኪና፣ ነዳጅ ነበረው።