ከመድኀኒት በኋላ ስለሚቀር የእንቅልፍ ዕጦት

እግዚአብሔር ለሰው ልጅ ቀንን ለሥራ፤ ሌሊትን ለዕረፍት ከፍሎ ሰጥቶታል። እንቅልፍ ለባለጸጋውም ለድኻውም የተሰጠ ሀብት ስለ ኾነ፤ ሰው በእጁ ሳለ እንደ ተራ ነገር ይቈጥረዋል፤ ባጣው ጊዜ ግን ዋጋው ምን ያኽል እንደ ኾነ ያውቃል። በመጽሐፈ አስቴር እንደ ተጻፈው፤ ንጉሡ አርጤክስስ እንቅልፍ እንቢ ባለው ሌሊት የታሪኩን መጽሐፍ አስመጥቶ አስነበበ፤ በዚያም ምክንያት ተረስቶ የነበረው የመርዶክዮስ ውለታ ተገለጸ። ነገር ግን የንጉሡ እንቅልፍ ማጣት የአንድ ሌሊት ነበረ። ለወራትና ለዓመታት በየሌሊቱ ዐይኑ ሳይከደን የሚነጋበት ሰው መከራው ከዚህ እጅግ የከፋ ነው። ሐኪሞችም በሳምንት ከ3 ሌሊት ያላነሰ፤ ለ3 ወርና ከዚያም በላይ የሚቈየውን እንቅልፍ ማጣት ሥር የሰደደ ብለው ይጠሩታል።

የዚህ መከራ መነሻው ብዙ ነው። ኀዘንም፤ ዕዳም፤ ፍርሀትም፤ የሥራ ብዛትም እንቅልፍን ያባርራሉ። ከነዚህ ኹሉ ግን እምብዛም የማይነገርለት አንድ ምክንያት አለ፤ ይኸውም ሰው ለመዳን ብሎ የወሰደው መድኀኒት ነው። መድኀኒቱ የመጣበትን በሽታ ካስታገሠ በኋላ፤ አንዳንድ ጊዜም ራሱ መድኀኒቱ ከተተወ በኋላ፤ የእንቅልፉ መታወክ በሰውየው ላይ ይቀራል። ይህን የማያውቅ ሰው አንድም በሽታዬ ተመለሰ ብሎ ይደነግጣል፤ አንድም አእምሮዬ ሊነካ ነው ብሎ ይፈራል፤ አንድም ርኩስ መንፈስ ተጣባኝ ብሎ ተስፋ ይቈርጣል። ስለዚህ ነገሩን ገልጦ መናገር የሐኪም ብቻ ሳይኾን፤ ሕዝብን የሚመሩና የሚያስተምሩ ሰዎች ኹሉ ሥራ ነው።

ለምሳሌ ያኽል፤ ለአስምና ለመገጣጠሚያ ብግነት የሚሰጠው ፕሬድኒሶሎን የሚባለው መድኀኒት በማታ ሲወሰድ እንቅልፍን ስለሚያውክ፤ ሐኪሞች በጧት ከቍርስ ጋራ እንዲወሰድ ያዝዛሉ። ለኤች አይ ቪ ሕሙማን ለብዙ ዓመታት በስፋት ይሰጥ የነበረው ኤፋቪሬንዝ እንቅልፍ በመንሣቱና ክፉ ሕልም በማሳየቱ የታወቀ ነው። በርሱ ፈንታ የዓለም ጤና ድርጅት ከ2018 ጀምሮ ያስቀደመው ዶሉቴግራቪርም ቢኾን በአንዳንድ ሰው ላይ እንቅልፍን ይቀንሳል፤ በዚህ ጊዜ የመውሰጃውን ሰዓት ወደ ጧት ማዛወር ይረዳል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ኹሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ከዚህ የከፋው ግን የሜፍሎኪን ታሪክ ነው። ይህ የወባ መድኀኒት በአሜሪካ ጦር ሠራዊት ተመራማሪዎች ተገኝቶ በ1989 በዚያው አገር ተፈቀደ። ለመከላከያ ሲኾን በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ የሚዋጥ በመኾኑም ወደ ወባ አገር ለሚዘምቱ ወታደሮች የተመቸ መስሎ ታየ፤ በ1992 እና በ1993 ወደ ሶማሊያ የሄዱት የካናዳ ወታደሮችም ወስደውታል። ኋላ ግን እንቅልፍ ማጣት፤ አስፈሪ ሕልም፤ ጭንቀትና ራስ ማዞር ከመድኀኒቱ ጋራ እንደሚመጡ እየታወቀ ሄደ። በ2013 የአሜሪካ የምግብና የመድኀኒት አስተዳደር የነርቭ ጕዳቱ መድኀኒቱ ከቆመ በኋላ ለወራትና ለዓመታት ሊቈይ፤ አንዳንድ ጊዜም ጨርሶ ላይለቅ እንደሚችል የሚገልጽ ከፍተኛ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍበት አደረገ። በ2016 ደግሞ የእንግሊዝ የሕዝብ እንደራሴዎች የመከላከያ ኮሚቴ ለወታደሮች ሌላ መድኀኒት ሲታጣ ብቻ እንዲሰጥ አሳሰበ። እነዚያ ወታደሮች ሌሊቱን ሲቃዡና ሲባንኑ፤ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የጦርነት ድንጋጤ ብቻ ነው እየተባለ ይታለፍ ነበር።

ከነገሩ ኹሉ የሚያስደንቀው ደግሞ፤ እንቅልፍን እንዲያመጣ የተሠራው መድኀኒት ራሱ እንቅልፍን የሚነሣ መኾኑ ነው። በ1903 ኤሚል ፊሸርና ዮሴፍ ፎን ሜሪንግ የሚባሉ የጀርመን ሊቃውንት ባርቢታል የሚባለውን የእንቅልፍ መድኀኒት ለዓለም አስታወቁ። የዚህ ወገን መድኀኒቶች ከመጠን ያለፉ እንደ ኾነ ሰውን የሚገድሉ ስለ ነበሩ፤ በ1960 ሊብሪየም፤ በ1963 ቫሊየም፤ ይኸውም ዲያዜፓም የሚባለው፤ በወጡ ጊዜ ዓለም በደስታ ተቀበላቸው። ሌዎ ስተርንባክ የተባለው ኬሚስት ያገኛቸው እነዚህ መድኀኒቶች በወል ስማቸው ቤንዞዲያዜፒን ይባላሉ። በዕውነትም ለሚጥል በሽታ፤ ለብርቱ ጭንቀትና ለቀዶ ጥገና ታላቅ ጥቅም ሰጥተዋል። ጕዳታቸው የሚመጣው ለጥቂት ቀን የታዘዘው መድኀኒት ለወራትና ለዓመታት ሲዘልቅ ነው።

የነገሩም አኳኋን እንዲህ ነው። በአንጎል ውስጥ ጋባ የሚባል፤ የነርቮችን ሩጫ እንደ ፈረስ ልጓም የሚገታ ንጥረ ነገር አለ። መድኀኒቱ የዚህን ልጓም ኀይል ያበረታል፤ ሰውየውም ጸጥ ብሎ ይተኛል። ነገር ግን መድኀኒቱ በየማታው ሲደጋገም ጊዜ፤ አንጎል ከርሱ ጋራ ተላምዶ የራሱን ልጓም ያላላል። በዚህ ጊዜ መድኀኒቱ በድንገት ቢቀር፤ የላላው ልጓም ፈረሱን መግታት ያቅተዋል፤ ልብ ይመታል፤ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ እንቅልፍም ከመድኀኒቱ በፊት ከነበረው ይብስ ይጠፋል። አንቶኒ ኬልስና ባልደረቦቹ በ1978 ይህን ተመላሽ እንቅልፍ ማጣት ብለው ለሊቃውንት አስታወቁ።

እንግዲህ ትልቁ ስሕተት የሚደረገው በዚህ ሥፍራ ነው። ሰውየው መድኀኒቱን በተወ በኹለተኛው ወይም በሦስተኛው ሌሊት ዐይኑ ሲፈጥ ያድራል፤ ያን ጊዜ ያለ መድኀኒት መተኛት የማልችል ሰው ነኝ ብሎ ይፈርድና ወደ ክኒኑ ይመለሳል። ያው ክኒን ሲያንሰው ኹለት ያደርጋል፤ ኹለቱም ሲያንሰው በላዩ መጠጥ ይጨምራል፤ ይህም ትንፋሽን እስከ ማቆም የሚያደርስ አደጋ ነው። የእንግሊዝ የመድኀኒት ደኅንነት ኮሚቴ በ1988 እነዚህ መድኀኒቶች ከ2 እስከ 4 ሳምንት ለሚኾን አጭር ጊዜ ብቻ እንዲሰጡ የመከረው፤ የአሜሪካውም አስተዳደር በ2020 ስለ ጥገኝነታቸው ከፍተኛውን ማስጠንቀቂያ ያስጻፈው ስለዚህ ነው።

ከዚህ ወጥመድ የሚወጣበት መንገድ ግን አለ። ፊተኛው ነገር መድኀኒቱን በድንገት አለመተው ነው፤ ለረዥም ጊዜ የወሰደ ሰው በአንድ ቀን ቢያቆም እንደሚጥል በሽታ ያለ መንቀጥቀጥ ሊያገኘው ይችላልና። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበራት በ2025 ባወጡት መመሪያ፤ ቅነሳው በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ ከ5 እስከ 10 በመቶ እንዲጀመር፤ በ2 ሳምንት ውስጥም ከ25 በመቶ እንዳይበልጥ መክረዋል። በኒውካስል ከ1982 እስከ 1994 ለእንደዚህ ያሉ ሰዎች ክሊኒክ የመሩት ፕሮፌሰር ሄዘር አሽተን፤ ቅነሳው በሕመምተኛው ዐቅም ልክ ቀስ እያለ ሲካኼድ ብዙ ሰው እንደሚለቀቅ አሳይተዋል። ጥቂቶች ግን መድኀኒቱን ከተዉ በኋላም ለወራት፤ ከዚያም በላይ፤ እንቅልፋቸው ሳይመለስ ይቈያል። ለነዚህ ሰዎች የሚያስፈልገው ትዕግሥትና ሥርዐት ነው።

ሥርዐቱም ይህ ነው። ሰው ሌሊቱን ቢተኛም ባይተኛም በየጧቱ በአንድ ሰዓት ይነሣ፤ የሌሊቱን ዕዳ ቀን በመተኛት አይክፈል። አልጋውን ለእንቅልፍ ብቻ ይተወው፤ የመሥሪያ ቤት ወረቀትና የእጅ ስልክ ይዞ ወደ አልጋ አይውጣ። ተኝቶ 20 ደቂቃ ያኽል ቢቈይና እንቅልፍ ባይመጣለት፤ ከአልጋው ወርዶ በደብዛዛ መብራት ጸጥ ያለ ነገር ያድርግ፤ እንቅልፍ ሲጫጫነው ይመለስ። ይህን ሥርዐት ሪቻርድ ቡትዚን በ1972 አስተምሯል። አርተር ስፒልማን ደግሞ በ1987 አልጋ ላይ የሚቈይበትን ጊዜ በዕውነት ከሚተኛበት ሰዓት ጋራ ማስተካከልን ጨመረ፤ 9 ሰዓት ተጋድሞ 6 ሰዓት ብቻ የሚተኛ ሰው፤ መጀመሪያ 6 ሰዓት ብቻ ይጋደም፤ እንቅልፉ ሲጠና ጥቂት በጥቂት ይጨምር። ይሁን እንጂ ይህ ነገር የሚጥል በሽታ ላለበትና መኪና ለሚነዳ ሰው ያለ ሐኪም ምክር አይገባም። ከቀትር በኋላ ቡና መተው፤ ጫትንም መራቅ ያስፈልጋል፤ ጠጅና ዐረቄም መጀመሪያ ቢያስተኙ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ይቀሰቅሳሉ። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2016 ለሥር ሰደድ እንቅልፍ ማጣት ከክኒን አስቀድሞ ይህ የጠባይና የሐሳብ ሕክምና እንዲሰጥ ወስኗል።

በዚህ ሥፍራ የካህናት ቃል ከፍ ያለ ዋጋ አለው። ቤተ ክርስቲያን ሰዓታትና ማኅሌት የሚቆምባት፤ ትጋሀ ሌሊትን የምታከብር ናት። ነገር ግን ለምስጋና ብሎ በፈቃዱ የሚተጋ መነኵሴና በመድኀኒት ምክንያት እንቅልፍ የተከለከለ ሕመምተኛ አንድ አይደሉም፤ ያ የፍቅር ሥራ ነው፤ ይህ ግን ሕማም ነው። ስለዚህ ሕመምተኛውን ሌሊቱ የተሰጠህ ለጸሎት ነው ብሎ ሕማሙን እንደ ጸጋ ማስቈጠር፤ ወይም ጋኔን ነው ብሎ ማስደንገጥ አይገባም። በሌሊት ከአልጋው ወርዶ ዳዊት ቢደግም፤ ከላይ ከተነገረው ሥርዐት ጋራ የሚስማማ መልካም ነገር ነው። የንስሓ አባቱ ግን መድኀኒትህን ጣል ብሎ ከቶ ሊያዝዘው አይገባም። የኤች አይ ቪ፤ የሚጥል በሽታና የአእምሮ ሕሙማን መድኀኒታቸው እስትንፋሳቸው ስለ ኾነ፤ እንቅልፍ ቢነሣቸው ወደ ሐኪም ሄደው ሰዓቱን ወይም ዐይነቱን ያስለውጡ እንጂ በገዛ እጃቸው አያቋርጡ። ቤተ ክርስቲያንም ጸበልና መድኀኒት እንደማይጣሉ አስተምራለች። መድኀኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር እንደ ኾነ መጽሐፈ ሲራክ ያስተምራልና።

የሹማምንትም ድርሻ ከዚህ አያንስም። የመሥሪያ ቤት አለቃ፤ በሥራው ትጉህ የነበረ ጸሓፊ ዐይኑ ቀልቶ፤ ሐሳቡ ተበትኖ ባየው ጊዜ፤ ሰካራም ነው ወይም ሰነፍ ነው ብሎ ከመቅጣቱ በፊት ቢጠይቀው ይሻላል። የጤና ሹማምንትም እነዚህ መድኀኒቶች ያለ ሐኪም ማዘዣ እንዳይሸጡ መቈጣጠር፤ ማዘዣውም ሳይመረመር በየወሩ እንዳይታደስ ማድረግ ይገባቸዋል። ከዚህም በላይ መድኀኒት የሚሰጥ ኹሉ ከክኒኑ ጋራ ሦስት ቃል ይስጥ፤ ለስንት ቀን እንደሚወሰድ፤ ምን ጕዳት ሊያመጣ እንደሚችል፤ እንዴትም እንደሚተው። እነዚህም ቃሎች ሕመምተኛው በሚሰማው ቋንቋ ይነገሩት፤ በባዕድ ቋንቋ ተጽፎ በሣጥን ውስጥ የተጣጠፈ ወረቀት ለብዙ ሰው ምንም አይነግረውምና።

አንዳንዶች ግን፤ የመድኀኒትን ጕዳት ለሕዝብ መንገር ሰውን ከሕክምና ያሸሻል ይላሉ። ይህ ሐሳብ ከቅንነት የመጣ ቢኾንም ትክክል አይደለም። አስቀድሞ የተነገረው ሰው ጕዳቱ ሲመጣ ያውቀዋል፤ ወደ ሐኪሙም ይመለሳል። ያልተነገረው ግን እንደ ተታለለ ቈጥሮ መድኀኒቱንም ሐኪሙንም በአንድነት ይተዋል። የሜፍሎኪንም ታሪክ የሚያስተምረው ይህንኑ ነው፤ የወታደሮቹን እምነት ያጐደለው ማስጠንቀቂያው ሳይኾን፤ የማስጠንቀቂያው መዘግየት ነበረ።

ሕመምተኛውም በበኩሉ መናገር አለበት። በሽታውን የደበቀ መድኀኒት አይገኝለትም ይላሉ አባቶች፤ ከመድኀኒት የመጣውን በሽታ የደበቀም እንዲሁ ነው። በየምሽቱ ስንት ክኒን እንደሚውጥ አፍሮ የሚሸሽግ ትልቅ ሰው፤ ሐኪሙ በጭፍን እንዲያክመው ያደርጋል። ክኒኑን የለመደው አንጎሉ እንጂ ምግባሩ ስላልኾነ፤ በዚህ ነገር ሊያፍር አይገባውም። የእንቅልፉ መመለስ በአንድ ሌሊት የሚፈጸም ባይኾንም፤ በሳምንት አንድ መልካም ሌሊት፤ ቈይቶም ኹለት፤ ቈይቶም ሦስት እያለ የሚመጣ ስለ ኾነ፤ በክፉው ሌሊት ተስፋ ሳይቈርጥ ሥርዐቱን ይጠብቅ። አለቃው በርኅራኄ፤ ካህኑ በማጽናናት፤ ሐኪሙ ዕውነቱን በመናገር ሲረዱት፤ መንገዱ ይቀልለታል። እግዚአብሔርም ለደከሙት ኹሉ ዕረፍትን ይስጥ።