ግምት የሚሸጥልን ሰው ምን ይጠቀማል?

ሸዋ ሮቢት ላይ ሽንኩርት ሲደርስ መካሪ አይጠፋም። «ዋጋው ሊወርድ ነው፣ ዛሬውኑ ሽጥ» የሚል ደላላ ማሳ ለማሳ ይዞራል። የይፋት ገበሬ ግን ይህን ሰምቶ ወዲያው አይሸጥም። ደላላው ኮሚሽኑን ከማን እንደሚቀበል ያጣራል። አዲስ አበባ ለሚያውቀው ነጋዴ ይደውላል። አምና ይኸው ሰው ምን ብሎ እንደነበረና በመጨረሻ ምን እንደሆነ ያስታውሳል። እሑድ ሰንበቴ ገበያ ሲወጣም ከሌሎች ጋር ያመሳክራል። ማሾ ሲሸጥም እንደዚሁ ነው። ምክር የሚመዘነው በመካሪው አንደበት ሳይሆን በጥቅሙና ባለፈ ሥራው መሆኑን ያስተማረው ትምህርት ቤት የለም፤ ኑሮ ነው ያስተማረው።

የዚያው ገበሬ ልጅ ግን ማታ ስልኩን ከፍቶ፣ ፊቱን አይቶት ከማያውቅ ሰው የኳስ ግምት በገንዘብ ይገዛል። የቴሌግራም ቻናሉ «የዛሬ ሹር ኦድ» ይላል። «ቪአይፒ» ለመግባት ደግሞ በየወሩ ይከፈላል። ይህ የሸዋ ሮቢት ብቻ ጉዳይ አይደለም፤ ደብረ ብርሃንም፣ ደሴም፣ አዲስ አበባም ያው ነው። በብዙዎቻችን ቤት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስልኩን እያየ የሚቁነጠነጥ ወንድም፣ ልጅ ወይም ባል አለ። ቤቲንግ ቤቶች በራቸው ላይ «ከ21 ዓመት በታች ክልክል ነው» ብለው ይለጥፋሉ፤ ስልክ ግን በር የለውም።

በዚህ ወር የማነሣው ቤቲንግ ነውር ነው ወይስ አይደለም የሚለውን አይደለም። ያንን የሃይማኖት አባቶችም ወላጆችም ብዙ ብለውበታል። የእኔ ጥያቄ ጠበብ ያለ ነው፦ ስለ ቤቲንግ ምክር የሚሰጥን ሰው እንዴት እንመዝነው? ምክሩን መመዘን የቻለ ልጅ ውሎ አድሮ ጨዋታውንም መመዘን ይጀምራልና።

የሎተሪ ትኬት ስንገዛ አንድ ሰው መጥቶ «የዘንድሮን ሹር ቁጥር ልሽጥልህ» ቢለን እንስቃለን። ዕድል መሆኑን እናውቃለን። ኳስ ላይ ግን አንስቅም፤ ምክንያቱም ኳስ እናውቃለን። ማን እንደተጎዳ፣ የትኛው ቡድን ከሜዳው ውጭ እንደሚቸገር ከልባችን እናውቃለን። እውቀቱ እውነተኛ ነው። ችግሩ ኦዱን ያወጣው ድርጅትም ያንኑ ማወቁ ነው፤ ዋጋው ውስጥ አስገብቶታል። ማሾ ዘንድሮ እንደሚወደድ ማወቅ ብቻውን አያተርፍም፤ የሚሸጥልህ ሰውም ያውቃልና።

አሁን ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። አንድ ጨዋታ 1.50 ኦድ አለው እንበል፤ የመረጥነው ቡድን የማሸነፍ ትክክለኛ ዕድሉ ደግሞ ከ100 63 ይሁን። በዚህ ሒሳብ በአንድ ጨዋታ ላይ 100 ብር የሚያስይዝ ሰው በአማካይ 94 ብር ከ50 ይመለስለታል። ይህ ብዙም አያስደነግጥም። ነገር ግን ወጣቶቻችን አንድ ጨዋታ አይቆርጡም፤ አሥር ጨዋታ አያይዘው ነው የሚቆርጡት። አሥር ጊዜ 1.50 ሲባዛ ወደ 57.7 ይደርሳል፤ 20 ብር 1,153 ብር ሊሆን ነው ማለት ነው። አሥሩም የመሳካት ዕድላቸው ግን ከ100 ትኬት አንድ ገደማ ነው። 100 ትኬት በ20 ብር የቆረጠ ሰው 2,000 ብር አውጥቶ ግብሩ ሳይነሣ 1,153 ብር ይጠብቃል። በአንድ ጨዋታ አምስት ብር ከ50 የነበረችው የድርጅቱ ትርፍ፣ አሥር ጨዋታ ሲያያዝ ከመቶ ብር ወደ 43 ብር አደገች። «አሥር ጨዋታ ሹር» የሚል መካሪ ገና ከመነሻው ለማን እንደሚሠራ ይታያል።

«ግን እኮ አራት ጊዜ በተከታታይ አግኝቷል!» የሚል መልስ ይመጣል። እስቲ ይህን አስቡ። አንድ ሰው 1,600 የስልክ ቁጥሮች አሉት። ለግማሾቹ «ዛሬ ከ2.5 ጎል በላይ ይገባል»፣ ለግማሾቹ «ከ2.5 በታች ነው» ብሎ ይልካል። ለ800ዎቹ ትክክል ይሆናል። የተሳሳተባቸውን ይተዋቸዋል፤ ለ800ዎቹ በሚቀጥለው ጨዋታ ያንኑ ይደግማል። 400፣ ከዚያ 200፣ ከዚያ 100 ይቀራሉ። እነዚህ 100 ሰዎች በዓይናቸው አራት ተከታታይ ትክክለኛ ግምት አይተዋል። ሰውየው ስለ ኳስ አንዲት ነገር ላያውቅ ይችላል። እያንዳንዳቸው 500 ብር ቢከፍሉት 50,000 ብር ይዞ ይሄዳል። የቀሩት 1,500 ሰዎች ደግሞ እርስ በርስ ስለማይተዋወቁ የሚያጋልጠው የለም። ቻናል ላይ ሲሆን ሥራው የበለጠ ይቀላል፤ የተሳሳተው ግምት ይሰረዛል፣ የተሳካው ይቀራል።

የምሠራው ማርኬቲንግ ስለሆነ አንድ ነገር ልጨምር። በውርርድ ዓለም ደንበኛ ለሚያመጣ ሰው ኮሚሽን መክፈል የተለመደ አሠራር ነው። «በእኔ ኮድ ተመዝገብ» የሚለው ሰው ለተመዘገበው ሰው ብዛት ሊከፈለው ይችላል። አንዳንዱ ውል ደግሞ ደንበኛው ከሚበላው ገንዘብ ላይ ድርሻ ይሰጠዋል። ማለትም መካሪው የሚያገኘው እናንተ ስትበሉ ሊሆን ይችላል። የሽንኩርት ደላላ እንኳ ቢያንስ ፊት ለፊት ይታያል።

ቁም ነገር ያለው ምክር ምን እንደሚመስል ለማየት ወደ ፖከር ዞር እንበል። በኢንተርኔት የሚካሄዱ ትናንሽ የፖከር ውድድሮች ከኳስ ግምት ይለያሉ፤ ተጫዋቹ የሚፎካከረው ከሌሎች ተጫዋቾች ጋር ነው፣ ችሎታም በረጅም ጊዜ ልዩነት ያመጣል። ያም ሆኖ አዘጋጁ ከየመግቢያው ድርሻውን ያነሣል፣ ሽልማቱም የሚደርሰው ለጥቂቶች ነው። ስለዚህ ጎበዙም በአብዛኞቹ ውድድሮች ባዶ እጁን ይወጣል። የተከበሩ የፖከር አስተማሪዎች አስቀድመው የሚናገሩት ይህንኑ ነው፦ ለአንድ ውድድር ካለህ ገንዘብ ትንሿን ክፍል ብቻ አውጣ፤ የአንድ ወር ድል ምንም አያረጋግጥም፤ የምታሸንፈው ከመቶዎች ውድድር በኋላ ስትቆጥር ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ክሪስ መኒሜከር የተባለ አሜሪካዊ የሒሳብ ሠራተኛ ከ100 ዶላር ባነሰ የኢንተርኔት መግቢያ ተነሥቶ ላስ ቬጋስ ላይ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ሲያሸንፍ ብዙ ሰው ሥራዬ ብሎ ወደ ፖከር ገባ። በዚያ ውድድር የነበሩት ግን 839 ነበሩ። በ838ቱ ታሪክ ማስታወቂያ የሚሠራ የለም።

እንግዲህ ማንኛውም ግምት ሻጭ ሲመጣ አምስት ጥያቄ ይበቃል። እኔ ብበላ እሱ ምን ያጣል? ግምቱን የጻፈው ከጨዋታው በፊት ነው ወይ? የተሳሳተባቸውንም ቆጥሮ ያሳያል ወይ? ቁጥሩ ስንት ነው፣ አምስት ግምት ነው ወይስ አምስት መቶ? ደግሞስ «ዛሬ አትጫወት» ብሎ ያውቃል ወይ? የመጨረሻዋ ጥያቄ ብዙዎቹን ትጥላለች።

ሸዋ ሮቢት ባጃጅ የሚነዳ የአክስቴ ልጅ አለኝ። ለባጃጁ ባለቤት የቀን ሒሳብ ያስገባል፣ ከተረፈው እቁብ ይጥላል። እቁቡን ሁለት ጊዜ ማሳለፉን ስትሰማ አክስቴ ደወለችልኝ። «አንተ ተምረሃል፣ ምከረው» አለችኝ። ምክር ከምሰጠው ይልቅ አንድ ነገር ለመንኩት፦ ለአንድ ወር ምንም ሳይቆርጥ የሚከተለውን መካሪ ግምቶች ሁሉ ጨዋታው ሳይጀመር ደብተር ላይ እንዲጽፍ። እያንዳንዱን በነጠላ፣ በ20 ብር ሒሳብ።

በወሩ መጨረሻ 60 ግምት ተጽፎ ነበር። 33ቱ ተሳክተዋል። ልጁ በደስታ ደወለ፤ «ጋሼ፣ ከግማሽ በላይ አገኘ እኮ!» አለኝ። አማካይ ኦዱ 1.70 ነበር፤ አብረን አሰላነው። 60 ጊዜ 20 ብር 1,200 ብር ነው። 33 ጊዜ 34 ብር 1,122 ብር ነው። መካሪው ከግማሽ በላይ እያገኘ 78 ብር አከሰረው። ለቪአይፒ የከፈለው 500 ብር ሲጨመር 578 ብር ይሆናል። በ1.70 ኦድ ለማትረፍ ከ60 ቢያንስ 36 ማግኘት ያስፈልግ ነበር። መስመሩ ላይ ዝም አለ። ከዚያ «ይኼን ያህል ጊዜ ግማሹን እያየሁ ነበር የምደሰተው» አለ።

እኔ ያልኩት ይህን ብቻ ነው፦ እቁብም ዕጣ ነው። አሥር ሰው አንድ አንድ ሺህ ብር ሲጥል ዕጣው የሚወስነው ማን ቀድሞ እንደሚወስድ እንጂ ማን እንደሚከስር አይደለም፤ ዙሩ ሲያልቅ ሁሉም የጣለውን አሥር ሺህ አግኝቷል።

ቤታችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ልጅ ካለ ከቁጣው በፊት ደብተር ግዙለት። አንድ ወር ጠብቁት፤ ቁጥሩንም እሱ ራሱ ይደምረው፤ እናንተ አትደምሩለት። ደብተሩን ለመሙላት እምቢ ካለ፣ ወይም ጨዋታው ሳያልቅ መጻፍ ካቃተው፣ ወይም የእቁቡንና የቤት ኪራዩን ብር መንካት ከጀመረ፣ ነገሩ የሒሳብ ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል። ያኔ ቤተሰቡ አብሮ ተቀምጦ ደመወዙ በማን እጅ እንደሚገባ፣ ስልኩ ላይ ያለው አካውንት እንዴት እንደሚዘጋ፣ ካስፈለገም የሥነ ልቦና ባለሙያ ማነጋገርን በግልጽ መነጋገር አለበት። የአክስቴ ልጅ ቪአይፒውን አላደሰም። ቅዳሜ ኳስ ያያል፤ እቁቡን ግን በዚህ ወር ጥሏል።