የአየር ብክለት፦ የምሥራቅ አፍሪካ ከተሞችን የዓመታት መረጃ ማን ያቆየው?

የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በኤምባሲዎቹና በቆንስላዎቹ የሚሰበሰበውን የአየር ጥራት መረጃ ለሕዝብ ማሰራጨት ያቆመው እአአ በመጋቢት 2025 ነበር። በምክንያትነት የጠቀሰው የበጀት እጥረትን ነው። ውሳኔው እንደ አዲስ አበባና ካምፓላ ባሉ፣ ተከታታይ ልኬት እምብዛም በማይገኝባቸው ከተሞች ክፍተት ፈጥሯል።

የክፍተቱ ክብደት የሚታየው ከረጅም ጊዜ አንጻር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እአአ በ2021 ያሻሻለው መመሪያ፣ ፒኤም 2.5 የተባለው ደቃቅ ብናኝ ዓመታዊ አማካይ መጠን በአንድ ሜትር ኪዩብ አየር ከ5 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። ይህን ለማወቅ ዓመቱን ሙሉ መለካት፣ ለውጥ መኖሩን ለማረጋገጥ ደግሞ የበርካታ ዓመታት መዝገብ መያዝ ያስፈልጋል። ዝናብ ብናኙን ከአየር ስለሚያወርድ፣ የክረምቱን ልኬት ከበጋው ጋር ብቻ ያነጻጸረ ባለሥልጣን የወቅትን ልዩነት የፖሊሲ ውጤት አድርጎ ሊያቀርበው ይችላል።

አማራጭ የሚሆን ጅምር በቀጣናው አለ። የማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እአአ በ2015 የጀመሩት ኤርኮ የተባለው ፕሮጀክት አነስተኛ ዋጋ ያላቸውን መለኪያዎች በካምፓላ ሕንጻዎችና በቦዳ ቦዳ ሞተር ብስክሌቶች ላይ ተክሏል። ይሁንና ለሥራው መስፋፋት ከጎግል የበጎ አድራጎት ክንፍ የተገኘ ገንዘብ ከፍተኛ ድርሻ አለው። የውጭ ድጋፍ ሲቋረጥ ምን እንደሚሆን የኤምባሲዎቹ ልምድ ያሳያል።

በየቤቱ የሚገጠሙ መለኪያዎችም ለመዝገቡ ሊያግዙ ይችላሉ፤ አስቸጋሪው ግን መረጃውን ማቆየት ነው። ለምሳሌ ሆም አሲስታንት የተባለው የቤት መሣሪያዎች መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር፣ ተጠቃሚው ካልለወጠው በቀር ዝርዝር ልኬቶችን የሚይዘው ለ10 ቀናት ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀረው የየሰዓቱ አማካይ፣ ዝቅተኛና ከፍተኛ መጠን ነው። የዓመቱ ግራፍ በአማካዩ ብቻ ሲሣል፣ ኩሽናውን ለ10 ደቂቃ የሞላው የከሰል ጭስ ሳይታይ ያልፋል። ዝርዝሩን ማቆየት የሚሻ ሰው ልኬቶችን በጊዜ ቅደም ተከተል ወደሚያከማች፣ እንደ ኢንፍሉክስ ዲቢ ወዳለ የመረጃ ቋት ማስተላለፍ ይኖርበታል።

ርካሽ መለኪያዎች በእርጥበት ወቅት የተጋነነ ቁጥር ሊያሳዩም ይችላሉ። ስለዚህ ደረጃውን ከጠበቀ መሣሪያ ጋር እየተነጻጸሩ መታረም አለባቸው። የኤምባሲዎቹ መሣሪያዎች አንዱ ጥቅም ይኸው ነበር።

በመሆኑም የቀጣናው መንግሥታት አዳዲስ መለኪያዎችን ለመትከል ሲያቅዱ፣ የጥገናውን፣ የንጽጽሩንና የመረጃ ማከማቻውን ዓመታዊ ወጪ በራሳቸው በጀት መያዝ ይጠበቅባቸዋል። መረጃው ለዜጎችና ለተመራማሪዎች ክፍት መሆኑም በዚያው ዕቅድ ሊወሰን የሚገባው ጉዳይ ነው።