መጨረሻውን ሳናይ የፈረድንበት «መጨረሻ»

ረመዳን ሲገባ የቤታችን ሰዓት ይቀየራል። ቀኑን ሙሉ ዝም ብሎ የዋለው ማዕድ ቤት ከአሥር ሰዓት በኋላ ይነቃል፤ የሾርባውና የሳምቡሳው ሽታ ግቢውን ያውደዋል። አዛን ተብሎ በቴምርና በውሃ ካፈጠርን፣ መግሪብም ከሰገድን በኋላ እስከ ኢሻ ባለችው አጭር ጊዜ ብዙዎቻችን ዓይናችንን ወደ ቴሌቪዥኑ እንልካለን። ጣሪያችን ላይ በተተከለው ዲሽ የካይሮውም የዱባዩም ጣቢያ ይገባል። ዓረብኛውን የማንሰማ ደግሞ መድረሳ የተማረ ልጅ ወይም ከጂዳ የተመለሰች እህት አጠገባችን ተቀምጣ ታስተረጉመናለች።

ለግብፅ ቴሌቪዥን ረመዳን የዓመቱ ትልቁ ገበያ ነው። ታላላቅ ተዋንያን የሚታዩትም፣ ውድ ማስታወቂያ የሚነገረውም፣ ቤተሰብ በአንድ ክፍል የሚሰበሰበውም በዚህ ወር ነው። ስለዚህ በረመዳን የታየ ድራማ በማግስቱ የገበያው፣ የታክሲውና የቡና ቤቱ ወሬ ይሆናል። ዛሬ ልናነሣው የወደድነውም አንዱን ድራማ ነው። ያነሣነው ድራማውን ለማስተዋወቅ አይደለም፤ እኛ ተመልካቾች እንዴት እንደተቀበልነው መለስ ብለን ብናስበው ስለ ራሳችን የሚነግረን ነገር ስላለ ነው።

ጊዜው ሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ነበር። የኮሮና ወረርሽኝ በሩን ዘግቶብን ነበር። ሰው በብዛት እንዳይሰበሰብ በመከልከሉ ካይሮም ሆነ አዲስ አበባ ተራዊህ በየቤቱ የተሰገደበት ረመዳን ነው። ዘመድ መጠየቅ፣ ጎረቤት ጠርቶ ማስፈጠር ቀርቶ ነበር። በዚያ ሁሉ ጭንቀት መካከል «ኦን» የተባለው የግብፅ ጣቢያ «አል ኒሃያ»፣ በእኛ ቋንቋ «መጨረሻው» የሚባል ተከታታይ ድራማ ማሳየት ጀመረ። የተዋወቀው የግብፅ የመጀመሪያው የሳይንስ ልቦለድ ተከታታይ ድራማ ተብሎ ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው ከመቶ ዓመት በኋላ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2120 ሲሆን ቦታው ቁድስ፣ ማለትም ኢየሩሳሌም ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ዘይን የሚባል መሐንዲስ ሲሆን ዩሱፍ ኤል ሸሪፍ ይጫወተዋል። ድርሰቱ የዐምር ሰሚር ዓጢፍ፣ አዘጋጁ ያሲር ሳሚ ነው። ዓጢፍ ለብዙ ግብፃውያን እንግዳ አይደለም። በልጅነታቸው ረመዳን በመጣ ቁጥር ይጠብቁት የነበረውን፣ ከፍየሉ ከረሺዳ ጋር የሚዞረውን የኑቢያ ልጅ የ«በካርን» የካርቱን ታሪክ የጻፈ ሰው ነው።

ድራማው በተጀመረ በቀናት ውስጥ ወሬው ድንበር ተሻገረ። ምክንያቱ የመጀመሪያው ክፍል ላይ ያለ አንድ ትዕይንት ነው። አንድ መምህር ለተማሪዎቹ ያለፈውን ታሪክ ሲያስረዳ እስራኤል የምትባለው አገር ከተመሠረተች መቶ ዓመት ሳይሞላት በጦርነት እንደጠፋች፣ አሜሪካም እንደተከፋፈለች ይናገራል። የእስራኤል የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ወዲያው መግለጫ አወጣ። በ1979 የተፈረመውን የሁለቱን አገሮች የሰላም ስምምነት አንሥቶ፣ አርባ አንድ ዓመት በሰላም በኖሩ ጎረቤታሞች መካከል እንዲህ ዓይነት ነገር መታየቱ ተቀባይነት የለውም አለ። በዚህ ወገን ቁጣ ሲሰማ በዚያ ወገን ጭብጨባ ቀለጠ። ያችን አጭር ትዕይንት ብቻ ቆርጦ እየተቀባበለ «ይኼ ነው ድራማ!» ያለው ሰው ብዙ ነው።

የሚገርመው ደግሞ በዚያው ረመዳን ኤም ቢ ሲ «ኡሙ ሃሩን» የተባለውን ድራማ ያሳይ ነበር። የኩዌቷ አንጋፋ ተዋናይት ሐያት አል ፈህድ አይሁዳዊት አዋላጅ ሆና የተጫወተችበት፣ በ1940ዎቹ ባሕረ ሰላጤ ላይ ስለነበረ ኑሮ የሚተርክ ሥራ ነው። እሱ ደግሞ በተቃራኒው «ሕዝቡን ከእስራኤል ጋር ለማላመድ ታስቦ የተሠራ ነው» ተብሎ ተወገዘ። እንግዲህ በአንድ ወር ሁለት ድራማ፣ ሁለት ተቃራኒ ክስ! የሁለቱም ክስ አመል ግን አንድ ነበር። ብዙው ከሳሽ፣ ብዙው አጨብጫቢም የፈረደው ገና ከመነሻው ነው። አባቶቻችን «ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ» ያሉት እንዲህ ያለውን ነው።

እኛም ከዚህ ነጻ አልነበርንም። ትዕይንቷን በስልክ ያየን ሰዎች ድራማውን ያየን ያህል ተከራክረናል። አንዳንዶቻችን «ጀግኖች» ብለናል፤ አንዳንዶቻችን «ጥላቻ ነው» ብለናል። ቀሪዎቹን ክፍሎች ተከታትሎ የጨረሰው ግን ጥቂቱ ነው። ተከታትለን የጨረስነው ወገኖች ያየነው ደግሞ ሁለቱም ወገን የተከራከረበትን ነገር አልነበረም።

እስቲ ድራማው የሚለውን እናስበው። በታሪኩ ውስጥ ጦርነቱ አልፏል፤ ድሉ ተገኝቷል፤ ከተማዋ በዓረቦች እጅ ናት። ታዲያ ሰው ተመችቶት ይኖራል? አይኖርም። የሕይወት ሁሉ መሠረት የሆነው ኃይል፣ መብራቱም ማሞቂያውም ማሽኑም የሚሠራበት ኃይል፣ በአንድ ግዙፍ ኩባንያ መዳፍ ውስጥ ገብቷል። ኃይሉን የያዘ ሰውን ይይዛል። ሰው እንደ ድሮው በባዕድ ወታደር ባይገዛም ዛሬ በራሱ ቋንቋ በሚያናግረው ድርጅት ይገዛል። ከዚያ ላይ የዘይንን መልክ የያዘ ሮቦት ይመጣል። አንዱ ተዋናይ መሐንዲሱንም ሮቦቱንም ሆኖ ስለሚጫወት ተመልካቹ ከፊቱ የቆመው የቱ እንደሆነ እየተጠራጠረ ይከተላል።

ይህ ለአጨብጫቢውም ለተቆጪውም የሚመች ታሪክ አይደለም። ለአጨብጫቢው «ጠላትህ ቢጠፋ እንኳ ፍትሕ በራሱ አይመጣም» ይለዋል። ለተቆጪው ደግሞ «የተናደድክባት ትዕይንት የታሪኩ በር እንጂ ቤቱ አይደለችም» ይለዋል። ሁለቱም በሩ ላይ ቆመው ሲጨቃጨቁ ቤቱ ሳይታይ ቀረ።

ይህን ስንል ድራማው እንከን የለውም ማለታችን አይደለም። በእኛ አስተያየት ያችኛዋ የመማሪያ ክፍል ትዕይንት የድራማው ደካማ ጎን ናት። ስንት እናት ሊያስለቅስ፣ ስንት ከተማ ሊያፈርስ የሚችል ጦርነት በአንድ መምህር ጥቂት ቃላት ተነግሮ ያልፋል። ጦርነትን ያየ ሕዝብ እንዲህ አይተርከውም። እኛ ኢትዮጵያውያን ጦርነት በመጽሐፍ አንድ መስመር፣ በቤት ውስጥ ግን የዕድሜ ልክ ቁስል መሆኑን እናውቃለን። ደራሲው ሌላውን ሁሉ እንደዚያ አስፍቶ ሲያስብ ይህን ግን ማቅለሉ ያስተቸዋል። እንዲህ ያለው ትችት ግን ከፍርድ ይለያል፤ ሥራውን አይቶ ያጎደለውን ያሳያል እንጂ ሥራውን ሳያይ አይጥለውም።

ሌላው የሰማነው አስተያየት «ይህ የሆሊውድ ቅጂ ነው፤ ሮቦትና የወደፊት ከተማ የእኛ ነገር አይደለም» የሚል ነው። ሕንጻው፣ ልብሱ፣ መብራቱ አሜሪካኖቹ ከሠሩት ጋር እየተነጻጸረ የተሳቀበትም ጊዜ አለ። በገንዘብ ካወዳደርን ማን እንደሚበልጥ ማንም ያውቃል። «የእኛ አይደለም» የሚለው ግን ልክ አይመስለንም። የኒሃድ ሸሪፍ ድርሰት የሆነው፣ ሰውን አቀዝቅዞ ለመጪው ዘመን ስለማቆየት የሚተርከው «ቃሂሩ ዘመን» በ1987 በዳይሬክተር ከማል ኤል ሼክ ፊልም ሆኖ ወጥቷል። የነቢል ፋሩቅን ስለ መጪው ዘመን የተጻፉ የኪስ መጻሕፍት እየተዋዋሰ ያደገ ትውልድ አለ። አሕመድ ኻሊድ ተውፊቅ በ2008 ባሳተመው «ዩቶፒያ» ሀብታሞች በአጥር ታጥረው፣ ድኾች ከአጥሩ ውጭ እየተራቡ የሚኖሩባትን የነገዋን ግብፅ ስሏል። ፋሩቅም ተውፊቅም ሐኪሞች ነበሩ። በሽተኛውን ዛሬ አይተው ነገ ምን እንደሚገጥመው ማሰብ ሥራቸው ነውና ብዕራቸውም ይህንኑ መሥራቱ አይገርመንም። ስለዚህ ቴሌቪዥኑ ዘገየ እንጂ ሐሳቡ አልዘገየም ነበር።

በዚያ ረመዳን ከቤታችን ልጆች አንዷ ድራማውን እያየች የጠየቀችው ጥያቄ እስካሁን አልወጣልንም። «በ2120 እኛስ የት ነን?» አለች። አዋቂዎቹ ስለ ካርታው ስንጨቃጨቅ እሷ ካርታው ላይ ራሷን ትፈልግ ነበር። መልስ አልነበረንም። እኛ በዓረብኛው፣ በቱርኩ፣ በእንግሊዝኛው ድራማ የሌላውን ነገ እናያለን። በሐረር ወይም በደሴ ከመቶ ዓመት በኋላ ውሃው ከየት እንደሚቀዳ፣ መብራቱ በማን እጅ እንደሚሆን፣ የጎረቤት ፍቅር ይቆይ እንደሆነ የሚያሳየን ተከታታይ ድራማ ግን ከመሐላችን ስንቶቻችን አየን? ታሪካችንን እንወዳለን፤ ያለፈውን መተረክ እናውቅበታለን። ነገን መተረክ ግን ለሌላው የተውነው ይመስላል። ነገን የሚተርክ ሰው ደግሞ በነገው ውስጥ ማን እንደሚኖርና ማን እንደማይኖር የሚወስነው እሱ ነው። በዚያች የመማሪያ ክፍል ትዕይንት የተቆጡት ሰዎች አንድ ነገር በትክክል ገብቷቸዋል። በሌላ ሰው ነገ ውስጥ ራስን አለማግኘት ያማል። የልጃችንም ጥያቄ የዚያው ሕመም ታናሽ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? ደራሲዎቻችን ይጻፉ፣ ጣቢያዎቻችንም ይድፈሩ ማለት ቀላል ነው፤ እንላለንም። ግን የደፈረ ሰው ሲመጣ እኛ ተመልካቾች ምን እናደርገዋለን? የመጀመሪያውን ሥራ በመጀመሪያው ክፍል ከቀበርነው ሁለተኛ ደፋር አይመጣም። በር ላይ ተጨቃጭቆ መመለስ ልማዳችን ከሆነ ቤት ሠሪው በር ብቻ እየሠራ ያቆማል፤ አጨቃጫቂ ትዕይንት ብቻ መሥራት ይማራል። ድራማውን የምንቀርጸው እኛም ጭምር ነን ማለታችን ለዚህ ነው። ስንቆጣም ስናጨበጭብም ለቀጣዩ ደራሲ መመሪያ እየሰጠን ነው።

ፆም ከሆድ ብቻ አይደለም፤ ምላስም ይፆማል። ያላዩትን አይቻለሁ፣ ያላጣሩትን እውነት ነው ማለት በተራ ቀንም አያምርም፤ በዚህ ወር ደግሞ ከፆሙ ምንዳ ላይ የሚቀንስ ነገር ነው። ስለ ሰው ሲሆን የምንጠነቀቀውን ያህል ስለ ሰው የድካም ሥራም መጠንቀቅ ይገባናል። ዘንድሮም ከኢፍጣር በኋላ አዲስ ድራማ ይመጣል፤ ከእሱም ተቆርጦ በስልካችን የሚደርሰን ነገር አይጠፋም። ስንቀበለው «የቀረውስ?» ብለን እንጠይቅ። ልጆቻችን አጠገባችን ካሉም ምን እንዳዩ እናዳምጣቸው፤ እኛ ያላየነውን ያያሉና።

ረመዳን ራሱ ሃያ ዘጠኝ ወይም ሠላሳ ቀን ነው። የመጀመሪያዋን ቀን ተርቦ፣ ራሱን አሞት የዋለ ሰው ወሩ ምን እንደሆነ በዚያች ቀን አይናገርም። ያማረው ሌሊት የሚፈለገው በመጨረሻዎቹ አሥር ቀናት ነው። ድራማውም ይሁን ሰው፣ ሥራው የሚታወቀው ሲፈጸም ነው። አላህ የሁላችንንም መጨረሻ ያሳምርልን።