«ዳገት አይዋሽም» ለምትሉ

ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ እንጦጦ ላይ፣ አንድ አሰልጣኝ የጎረቤቴን ልጅ በሁለት ቃል አሰናበተው፦ «ዳገት አይዋሽም»። ልጁ ያኔ 16 ዓመቱ ነበር። የሁለት ዓመት ልፋቱ በዚችው ተዘጋች። እኔ አጠገቡ ቆሜ የምመልሰው ጠፍቶኝ ዝም አልኩ። ዛሬ ልመልስ።

የክለቡን ስም አልጠራም። ነገሩ የአንድ ክለብ ብቻ አይደለማ። እኛም ቅዳሜና እሁድ ስንነዳ ስልካችን ላይ የወጣውን ሰዓት አይተን «እሱ ጎበዝ ነው፣ እሱ አይረባም» እንባባላለን።

መጀመሪያ ለዳገቱ ፍርድ ልስጥ። ጥሩ መለኪያ ነው። ሜዳ ላይ ጉልበትን የሚበላው በአብዛኛው ንፋስ ነው፤ ብልጥ የሆነ ደግሞ ከሰው ጀርባ ተደብቆ ይሄዳል። ቀጥ ያለ ዳገት ላይ ግን ፍጥነት ስለሚቀንስ ንፋሱ እዚህ ግባ አይባልም። ጉልበት የሚያልቀው የራስንና የብስክሌትን ክብደት ሽቅብ በመሸከም ነው። ብስክሌት ላይ የሚገጠመው የጉልበት መለኪያ ዋጋው አይቀመስም፤ ስለዚህ ዳገትና የእጅ ሰዓት የኛ የድሆቹ ላብራቶሪ ናቸው። እዚህ ድረስ አንጣላም።

ግን «የብስክሌትን ክብደት» ብያለሁ። ጠቡ እዚያ ላይ ነው።

የጎረቤቴ ልጅ 55 ኪሎ ይመዝናል። ብስክሌቱ ከመርካቶ ያገለገለ የተገዛ የብረት ማውንቴን ነው፤ 17 ኪሎ። አንደኛ የወጣው ልጅም 55 ኪሎ ነው፤ ብስክሌቱ ግን 9 ኪሎ። (እሱ ራሱ ነው የነገረኝ፤ ደግ ልጅ ነው፣ ከሱ ጋር ጠብ የለኝም።) ሁለቱም 180 ሜትር ከፍታ ወጡ። ያኛው በ10 ደቂቃ፣ የኛው በ11 ደቂቃ ከ8 ሰከንድ ጨረሱ። ሲያዩት ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው።

እስቲ የትምህርት ቤት ፊዚክስ እናስታውስ። ጠቅላላ ኪሎውን በ9.8፣ ከዚያ በከፍታው አባዙት፤ የወጣውን ለሰከንዱ አካፍሉት። 64 ኪሎ በ600 ሰከንድ፣ 188 ዋት። 72 ኪሎ በ668 ሰከንድ፣ 190 ዋት።

ደግማችሁ አንብቡት። «የተሸነፈው» ልጅ እግር ይበልጣል! የዚያ ጥርሳም ጎማ ከአስፋልቱ ጋር ያለው ትግል ገና ሳይቆጠር ማለት ነው።

ሌላም አለ። ልጁ የመጣው ከሀና ማርያም ነው። አዲስ አበባን በብስክሌት የዞረ ሰው ያውቀዋል፤ ከተማው ከሰሜን ወደ ደቡብ ተዳፋት ነው። እኛ ታች ነን። ወደ መሀል ከተማ መሄድ ማለት ሽቅብ፣ ቤት መመለስ ማለት ቁልቁል። ልጁ ከሌሊቱ 11 ሰዓት አንድ ዳቦ በሻይ ቀምሶ ወጣ። በሳሪስ፣ በጎተራ፣ በስድስት ኪሎ አድርጎ ሽሮ ሜዳ እስኪደርስ ሽቅብ ሲገፋ ነበር። ያኛው ልጅ ብስክሌቱ መኪና ላይ ተጭኖ መጣ። ሰዓቱ «ጀምር» ሲል አንዱ ትኩስ ነው፣ አንዱ ደክሟል። ሰዓቱ ይሄን ከየት ይወቀው?

«ውድድር ላይ ብስክሌቴ ከበደኝ አይባልም» ትሉኛላችሁ። አይባልም፤ እውነት ነው። ግን ትልቅ ውድድር ላይ ማን 17 ኪሎ ይዞ ይገባል? የዓለም አቀፉ የብስክሌት ማህበር ደንብ የሚከለክለው ከ6.8 ኪሎ በታች መውረድን ነው፤ እዚያ ያለው ሽሚያ ለማቅለል ነው። ብስክሌት ይቀየራል። ክለብ የገባ ልጅ የተሻለ ሊሰጠው ይችላል፤ እግር ግን አይሰጠውም። የምትመርጡት እግር ነው ወይስ የአባት ኪስ?

ደግሞስ የብስክሌት ስፖርት ዳገት ብቻ ነው ያለው ማነው? ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በ2024 ቱር ደ ፍራንስ ላይ ሦስት ጊዜ አሸንፎ አረንጓዴውን ማሊያ ወሰደ። ያሸነፈው በመጨረሻዎቹ ሜትሮች ፍጥነቱ እንጂ ረጃጅሙን ተራራ ቀድሞ ወጥቶ አይደለም። በአንድ ዳገት ብቻ ብንመርጥ እንዲህ ያለውን ልጅ «አይዋሽም» ብለን ወደ ቤቱ እንሸኘው ነበር። ፅጋቡ ግርማይ በ2016 ቱር ደ ፍራንስ ላይ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ሌላ ፅጋቡ የምንፈልግ ከሆነ የወንፊታችንን ቀዳዳ እንይ።

ውድ ነገር አልጠይቅም። መንገድ ዳር ሚዛን አስቀምጠው «ኪሎ ልመዝንህ» የሚሉ ልጆች አሉ አይደል? በሳምንቱ ልጁን ይዤው ወደ አንዱ ሄድኩ። ብስክሌቱን ትከሻው ላይ አድርጎ ሚዛኑ ላይ ወጣ፤ 72 አለ። ባለሚዛኑ እየሳቀ «የሁለት ሰው ነው የምትከፍሉት» አለን፤ ከፈልን። ሂሳቡ በቃ ይሄው ነው። ሚዛን፣ ሰዓት፣ እርሳስ።

እሱም ከበዛ ሁሉንም በአንድ ብስክሌት ተራ በተራ አውጧቸው። ከሩቅ የመጣውን አሳርፉት። ሁለት ቀን ፈትኑ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚፈተን ልጅ መነሻው ላይ ተቃጥሎ ዳገቱ መሀል ይበርዳል።

እኛም ብንሆን ሰዓታችንን ከሌላ ሰው ሰዓት ጋር ከማላተም እንተው። ያው ዳገት፣ ያው ብስክሌት፣ ያው ጠዋት፤ ያለፈው ወር እኔና የዛሬው እኔ። ዳገት እውነት የሚናገረው ያኔ ነው።

የልጁ ብስክሌት አሁን ግቢያቸው ውስጥ ግድግዳ ተደግፏል፤ የኋላ ጎማው ተንፍሷል። ሂሳቡን ወረቀት ላይ ጽፌ ሰጠሁት። ረጅም ጊዜ አየውና «ታዲያ አሰልጣኙ ይሄን አያውቅም?» አለኝ።

ይሄኛውን መመለስ አልቻልኩም። እናንተ መልሱለት።